ድመቷን አጹሟት

አባቴን ከገሳይ ወዲያ ካለው አገራቸው ወደ ደብረ ታቦር ያመጣቸው ጨጓራቸው ነው። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ድረስ፣ "ልጄ እናቷ ሞታባት ብቻዋን ብትሆን ልጠብቃት ነው የመጣሁ" ነው የሚሉት። እኔ ልጆች አሳድጌ ዩኒቨርሲቲ የላክሁ፣ ጠዋት መሥሪያ ቤት ገብቼ ማታ የምወጣ ሴትዮ ነኝ። ከምን እንደሚጠብቁኝ እግዜር ይወቀው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የአቋቋም መምህር ነበሩ። ካህናቱ በማኅሌት ላይ መቋሚያውን መቼ እንደሚያነሡ፣ ጽናጽሉን እንዴት እንደሚመቱ፣ እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉ ሲያስተምሩ ኖረዋል። በዚህ አገር ካለው ካህን ግማሹ ኩርኩማቸውን የቀመሰ ነው። ታዲያ ማዘዝ እንጂ መታዘዝ አልለመዱም። ጥር ላይ አንድ ጠዋት ሲያስመልሳቸው የቡና አተላ የመሰለ ነገር አይቼ ደንግጬ ሆስፒታል ስወስዳቸው፣ መንገዱን ሙሉ "ጎመን ነው እኮ! ጎመን ነው!" እያሉ ባጃጁን በጩኸት ሞሉት።

ጎመን አልነበረም። ሐኪሟ መርምራ ስትጨርስ፣ "አባባ፣ ጨጓራዎ ቆስሎ ደምቷል" አለቻቸው። "ከእንግዲህ ባዶ ሆድዎን መዋል የለብዎትም። ክኒኑን በሰዓቱ ይወስዳሉ። ለስለስ ያለ ነገር፣ እንቁላሉንም፣ ሾርባውንም በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይበላሉ። በርበሬ አይነኩም።"

"እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ" አሉ አንገታቸውን ሰበር አድርገው። ይሄ ትሕትና ከየት መጣ ብዬ ስገረም፣ ገና በሩን እንደወጣን ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "ሁዳዴ መቼ ነው የሚገባው?" አሉኝ።

ነገርኳቸው።

"እንግዲያ ከፋሲካ በኋላ እበላላታለሁ።"

እኔ ሳቄ አልመጣም። ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታኝ፣ ጨጓራቸው እንደገና ከደማ ላንደርስላቸው እንችላለን ብላኛለች። እናቴን በቀበርኩ በዓመቱ አባቴን ልቀብር ነው ወይ እያልኩ ነበር ወደ ቤት የገባሁት።

የንስሐ አባታቸውን ላኩባቸው። ይሄ መጀመሪያም የማይሆን ነገር ነበር፤ ምክንያቱም የንስሐ አባታቸው የገዛ ተማሪያቸው ናቸው። ቄሱ ገብተው መስቀል እስኪያሳልሙ ድረስ አባቴ "አንቱ" ይሏቸዋል፣ ጎንበስ ብለው ይሳለማሉ፣ ጉልበት ይስማሉ። መስቀሉ ወደ ኪስ በተመለሰ ቅጽበት "አንተ" ይሆናሉ። ያን ቀን ቄሱ፣ "የኔታ፣ ለታመመ እኮ..." ብለው ገና ሲጀምሩ፣ "ትናንት ማታ በማኅሌቱ ላይ ግራ እግርህን ነው ያስቀደምከው፤ አይቼሃለሁ" አሏቸው። ምስኪኑ ሰውዬ ላብ በላብ ሆነው ስለ እግራቸው ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ። የጾሙ ነገር በዚያው ቀረ።

ድመቷ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። አይጥ የብራና መጽሐፋቸውን ጠርዝ ቀምሶባቸው፣ ቤቱን በአንድ እግሩ አቁመውት ሲያበቁ፣ የቤቱ ባለቤት እትዬ ከድመታቸው ልጆች አንዷን በዘንቢል ይዘውልን መጡ። ገና ከጡት የተለየች፣ አመድማ፣ ጆሮዋ ከፊቷ የሚበልጥ ነገር ናት። "ይቺ ናት አይጥ የምታባርር?" አሉ አባቴ ቁልቁል እያዩዋት። ማታ ጋቢያቸው ውስጥ ገብታ ተኛች። በነጋታው ለማውጣት ብሞክር፣ "ተያት፤ ሰው ተኝቶ ይቀሰቀሳል?" አሉኝ።

የመጣችበት ሰሞን ቅበላ ነበር። ቅበላ ደግሞ የምታውቁት ነው። ሰው ሁሉ ነገ የሌለ ይመስል ይበላል፤ ሰኞ ጠዋት ጾሙ ሲገባ ግን ተርፎ ያደረው ወተት፣ ቅቤ፣ የወጥ ፍርፋሪ ሁሉ መድረሻ ያጣል። ግቢያችን ውስጥ ያሉት ቤተሰቦች ሁሉ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ "ለዚያች ለመሪጌታ ድመት እንስጣት፣ ጽድቅ ነው" እያሉ ተራ በተራ መጡ። ስንት ቤት ነው፣ አንዲት መዳፍ የማትሞላ ድመት! ማክሰኞ ተቅማጥ አጣደፋት። ጋቢው ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ አንዴም የአባቴ ጫማ ውስጥ። ነጠላው ዘወር ያለበትን ዲያቆን አደባባይ ላይ የሚያዋርዱ ሰውዬ ጫማቸውን አራግፈው፣ "ምስኪን፣ ቸኩላ ነው" አሉ።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ በረንዳ ላይ ጸሐይ እየሞቁ፣ ድመቷን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸው በርቶ አገኘኋቸው።

"ሐኪም ዘንድ ወስጃት መጣሁ" አሉኝ።

"በምን ሄዱ?"

"በባጃጅ ነዋ! በእግሯ ልንዳት?"

"ምን አለ ታዲያ?"

አባቴ ቀና አሉ። ማኅሌት ሊመሩ የተነሡ ነው የመሰለኝ። "ወተት ይቅርባት አለ። አጹሟት አለ።" እንዲገባኝ ጠበቁ። "ሐኪም ማለት እንዲህ ነው! ያንቺዋ ሐኪም ለሽማግሌ በሁዳዴ እንቁላል ብላ ትላለች። ይሄ ልጅ ግን ለድመት እንኳ ጾም አዘዘ። አስተዳደጉ ያስታውቃል።"

እኔ፣ እንስሳ ሆዱ ሲታመም ለአንድ ቀን ምግብ እንደሚከለከል ሰምቼ ስለነበር፣ አልተከራከርኩም። ለካ "አጹሟት" የሚለው ቃል ከእንስሳት ክሊኒኩ እስከ ቤታችን ሲደርስ ትርጉሙን ቀይሮ ኖሯል። ለሐኪሙ ጾም ማለት ምግብ ለጊዜው መከልከል ነው። ለአባቴ ጾም ማለት ሁዳዴ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት፣ ከዚያ ሽሮ፣ እስከ ፋሲካም መጽናት።

እንዲህ ሆና ድመቷ ሁዳዴን ጀመረች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አባቴ ይጸልያሉ፤ እሷ ጉልበታቸው ሥር ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። "አሜን እያለች ነው" ይላሉ። ከዚያ ሽሮ በእንጀራ ጠቅለል አድርገው ያጎርሷታል። ለእሷ ሲባል ሽሮው ያለ በርበሬ እንዲሠራ አዘዙ፤ እኔ ስለ ጨጓራቸው ስንት ቀን ለምኜ እምቢ ያሉትን! ወተት ቢናፍቃት ብለው ደግሞ ሱፍ ተወቅጦ፣ ተጠልሎ፣ ያ ነጭ ውሃው በሰሃን ቀረበላት። በመጨረሻ ተልባ አመጡ።

"ተልባ ለምን?" አልኩ።

"ሆድ ያለሰልሳል።"

የእሷ ሆድ ደግሞ ከዚያ በላይ የሚለሰልስበት ቦታ አልነበረውም።

"አባባ፣ እንስሳ ይጾማል እንዴ?" ስላቸው ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል፣ "በነነዌ ከብቱ ሳይቀር ጾሟል!" አሉኝ።

"ያ እኮ ሦስት ቀን ነው!"

"ነነዌ ኃጢአቷ ያን ያህል ነበር። የዚህን ዘመን ድመት ኃጢአት አንቺ በምን አወቅሽ?"

የግቢው ሰው ወሬውን ሰማ። እትዬ በሩ ላይ ባለፉ ቁጥር "መነኩሲቷ እንዴት አደሩ?" ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን ደግሞ፣ "መሪጌታ፣ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባላል፤ ይጠንቀቁ" ቢሏቸው አባቴ ከልብ ተቀየሙ። "የእኔዋ አመል የላትም" ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

እውነትም አመል አልነበራትም። ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጠን ሳለ አንድ አይጥ፣ ያውም ሳይቸኩል፣ በወለሉ መሀል ለመሀል ተሻግሮ ድመቷ አፍንጫ ሥር አለፈ። ድመቷ አየችው። ዝም አለች።

"አየሽ?" አሉ አባቴ። "አየሽልኝ? ፈቃደ ሥጋዋን አሸንፋለች!"

እኔ ግን ሄጄ አነሣኋት። አንገቷ በእጄ ላይ ተዘለፈለፈ። ቆዳዋን በሁለት ጣቴ ሳብ አድርጌ ብለቀው እንደተሰበሰበ ቀረ። ፈቃደ ሥጋ ያሸነፈች ሳትሆን ሥጋ ያለቀባት ነበረች። "አባባ፣ ይቺ ልጅ እየሞተች ነው" ብዬ በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ክሊኒኩ በር ላይ በሬ የያዘ፣ በግ የጎተተ ገበሬ ተሰልፏል። እኔ አንድ እግሩን ከሚያነክስ ወይፈን ኋላ ቆምኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ድመቷን ገና ሲያያት አወቃት።

"ምን እየበላች ነው?"

"ሽሮ" አልኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ሱፍ። ተልባም ትንሽ" ብዬ ጨመርኩ።

ሐኪሙ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሆዷን ዳሰሰና መሳቁን ተወ። "እህቴ፣ እኔ ለእኚያ ሽማግሌ ያልኳቸው ወተት ይቅርባት፣ እስከ ማታ አጹሟት፣ ሆዷ ይረፍ፤ ከነገ ጀምሮ እንቁላል ወይም ሥጋ ቀቅላችሁ ስጧት ነው። እሳቸው ግን ገና 'አጹሟት' ስል ተነሥተው መመረቅ ጀመሩ። ልጅ ይውጣልህ፣ ስምህ ይጠራ እያሉ... ከምርቃቱ በኋላ ያልኩትን የሰሙኝ አልመሰለኝም።"

ውሃና ማዕድን የተበጠበጠበትን መድኃኒት መርፌ በሌለው ስሪንጅ ጠብ ጠብ እያደረገ አጠጣት። ድመት ሥጋ በል መሆኗን፣ በሽሮ እንደማትኖር፣ ምግቧም ያለ ጨው፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ቅመም መሆን እንዳለበት አስረዳኝ። "በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ" አለኝ። ያቺ የሆስፒታሏ ሐኪም ለአባቴ ያለቻቸው ቃል በቃል ይሄንኑ ነበር። "ዛሬ ካልበላች ግን ነገ አታምጫት" ብሎ ጨረሰ።

በሁዳዴ ልኳንዳው ዝግ ነው። እንቁላል ግን ሞልቷል፤ የእትዬ ዶሮዎች ጾም አያውቁም፣ የሚበላው ጠፍቶ ቅርጫቱ ጢም ብሏል። የተቸገርኩት በድስት ነው። የፍስኩ ዕቃ ታጥቦ፣ ታስሮ፣ ቆጥ ላይ ወጥቷል፤ የጾሙን ድስት ደግሞ እንቁላል ባስነካው አባቴ ከነድስቱ ያስወጡኛል። የወተት ዱቄት ጣሳ ፈልጌ፣ ከሰል ላይ ጥጄ፣ በረንዳ ጥግ ላይ እንደ ሌባ ተደብቄ ቀቀልኩ። እንቁላሉን ልጬ ሰሃን ላይ ሳደርገው ከውስጥ ድምፅ መጣ።

"ምንድን ነው የሚሸተኝ?"

ገብቼ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ድመቷን አዩዋት። "ከነገ ጀምሮ ብሎ ነበር?" አሉ። "አልሰማሁትም... ደስ ብሎኝ አልሰማሁትም።" ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ "ቢሆንም እኔ በገዛ ሥልጣኔ ጾም አላስፈታም። የንስሐ አባቴ ይጠሩ" አሉ።

"ለድመት?"

"ለድመት!"

ስልክ ደወልኩ። "አባ፣ ቶሎ ይምጡ፣ አባቴ ይፈልጉዎታል" ከማለት በስተቀር ምን እላለሁ? ቄሱ የኔታ ሊያርፉ ነው ብለው ባጃጅ ተሳፍረው፣ መስቀልና መጽሐፍ ይዘው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ከተፍ አሉ። አባቴ ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ፣ ጉልበት ሳሙ። መስቀሉ ኪስ ገባ።

"ተቀመጥ" አሉ አባቴ። "ይቺ ድመት ታማለች። እንቁላል ትብላ ተብሏል። ምን ትላለህ?"

ቄሱ ድመቷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንቁላሉን አዩ። እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲመጣ አየሁ፤ የቅኔ ቤት ልጅ ቃል ሲገጥምለት እንደሚሆነው።

"እኔ ከእርስዎ ፊት ምን አውቄ እፈርዳለሁ፣ የኔታ?" አሉ። "ሲያስተምሩን ምን ነበር ያሉን? የታመመ ይጾማል?"

አባቴ ጥያቄ ሲጠየቁ መልስ ሳይሰጡ ማደር አይችሉም። "የታመመማ አይጾምም!" ብለው መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መቱ። "ስንቴ ልንገርህ? ጾም ለጤነኛ ነው። በሽተኛን የሚያስጾም ነፍስ ገዳይ ነው። ራሱን እያየ የሚገድልም ያው ነው። ይሄ ይጠፋሃል?"

"አልጠፋኝም" አሉ ቄሱ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ይሄ ፍርድ ግን ለድመቷ ብቻ ነው ወይስ..."

አባቴ አፍጥጠው አዩዋቸው። "ለድመቷ ነው! እኔ ድመት ነኝ?"

ቄሱ ብድግ አሉ። ድመቷን በመስቀላቸው ባርከው፣ "ትብላ፣ ተፈቅዶላታል" ብለው ወጡ። በር ድረስ ስሸኛቸው፣ "ይቅር በይኝ እህቴ፣ ከዚህ በላይ ጉልበት የለኝም" አሉኝ።

ተመልሼ እንቁላሉን በማንኪያ ፈርፍሬ ለድመቷ አቀረብኩላት። አሸተተችና ፊቷን አዞረች። በውሃ አርሼ ሰጠኋት፤ አሁንም አልፈለገችም። አባቴ ከላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው ትዕግሥታቸው አለቀ።

"ለሕፃን እንዲህ ነው የሚሰጥ? ደረቅ ነው፣ ያንቃታል። ይታኘክና ይሰጣት። እናትሽ ላንቺ አኝካ አልነበረም የምትሰጥሽ? በይ አኝኪላት!"

አንሥቼ ልጎርስ ነበር። እውነቴን ነው፣ እጄ አፌ ጋ ደርሶ ነበር። ከዚያ እጄን መለስኩ።

"አልችልም" አልኩ።

"ለምን?"

"ጾመኛ ነኛ! ጤነኛ ነኝ። አሁን በአፍዎ ፈርደው የለ? የተፈቀደው ለታመመ ነው።"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ አባቴ ያመለጣቸውን ያን ጊዜ ነው ያወቁት። ቤቱ ውስጥ ሦስት ነፍስ ነበርን። አንዷ መብላት አቃታት። አንዷ ጤነኛ ናት። ዓይናቸውን ከእኔ ወደ ድመቷ፣ ከድመቷ ወደ ሰሃኑ አዞሩ። እባክህ ጌታዬ፣ አልኩ በሆዴ፣ እባክህ ዛሬን ብቻ እልኸኛ አይሁኑ። በዕድሜዬ አንድም ሰው እንቁላል እንዲበላ እንዲህ አጥብቄ ለምኜ አላውቅም።

"ውሃ አምጪ" አሉ በመጨረሻ። እጃቸውን ታጠቡ። ቆመው ጸለዩ፤ ጸሎቱ ረዘመ፣ ድመቷ በመሀል ሁለቴ አቃሰተች። ከዚያ ተቀምጠው እንቁላሉን ቆርሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አኘኩ። አውጥተው በጣታቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሰጧት።

ላሰችው። ደግማ ላሰችው። ከዚያ ጣታቸውን በትንንሽ ጥርሶቿ ያዘች።

"እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!" አሉ አባቴ። ሌላ ጉርሻ አኘኩላት፤ ከእሱም ጥቂት ወሰደችና ጠገበች፣ ጉልበታቸው ላይ አገጯን ጣል አደረገች። ሌላው አፋቸው ውስጥ ቀርቷል። ከዚያ ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። እንዳላየ ሰው ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ እንባዬ ግን መጥቶ ነበር።

"ጨው የለውም" አሉ ከኋላዬ።

"ሐኪሙ ከልክሎ ነው።"

"የማን ሐኪም?"

"የእሷ።"

"ሙያ የለውም።" ከዚያ የሰሃኑ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። "ነገ ሁለት ቀቅይ" አሉ። "ይቺ ልጅ አንድ አይበቃትም።"

"እሺ አባባ" ብዬ ሰሃኑን ላነሣ ጎንበስ አልኩ። ድመቷ የበላችው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ነበር፤ ሰሃኑ ላይ ግን ምንም አልቀረም።